ከኋላ ሲታይ

ይህ በእኔ ላይ በእውነት የደረሰ ነገር ነው። ጨለማ የለበትም፤ መብራትም አልጠፋም። የሆነው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ በወጥ ቤቱ መስኮት ገብታ ወለሉ ላይ በተዘረጋችበት ሰዓት ነው።

የምሠራው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። በማይክሮስኮፕ ያላየሁትን "አለ" ብዬ ፈርሜ አላውቅም። ይህን የምላችሁ እንድታምኑኝ አይደለም... እኔ ራሴ ለማመን ምን ያህል እንደተቸገርኩ እንድታውቁልኝ ነው።

ስም አልጠራም። ለምን እንደሆነ ስትጨርሱት ይገባችኋል።

ባለቤቴ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። አንድ ጠዋት የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቶ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ልጃችን ያኔ ገና ጡት አልጣለችም ነበር።

ዛሬ አኒሜሽን ትማራለች። ዘንድሮ የመመረቂያ ፊልሟን ስትጀምር ዋናው ገጸ ባሕሪ አባቷ እንዲሆን ወሰነች። ስትነግረኝ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር... ለእንባዬ ሰበብ አላጣሁም።

"ፎቶዎቹ አሉልሽ አይደል?" አልኳት።

"እማ፣ ፎቶ ከፊት ብቻ ነው። እኔ ዙሪያውን ነው የምፈልገው።"

በሙያቸው አንድ ገጸ ባሕሪ ከመንቀሳቀሱ በፊት በሰፊ ወረቀት ላይ አራት ጊዜ ጎን ለጎን ይሳላል፤ ከፊት፣ ገደድ ብሎ፣ ከጎን፣ ከኋላ። ሲዞር ቁመቱ እንዳይዛባ በአናቱ፣ በትከሻውና በጉልበቱ ላይ መስመር ከዳር እስከ ዳር ይሰመርበታል።

የሰውን ጀርባ ማን ፎቶ ያነሳል? የቀረሁት እኔ ነኝ።

ጠረጴዛዋ ከስሩ መብራት ያለው የመስታወት ጠረጴዛ ነው። ወንበር ስባ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ፖሊስ ጣቢያ የገባሁ መሰለኝ ብላት፣ እውነቱን ካወጣሽ በዋስ እለቅሻለሁ ብላ ሳቀች።

መጀመሪያ የጠየቀችኝ ጆሮውን ነው። የግራ ጆሮው ከላይ በኩል እጥፍ ያለ እንደነበር፣ እናቱም "ሕፃን ሆኖ ተኝቶበት ነው" እያሉ ይስቁበት እንደነበር ነገርኳት። ሳለች። አጠፋች። ሳለች።

ድንገት የእርሱ ጆሮ ወረቀቱ ላይ ነበር።

ያን ቀን ማታ እንደ ልማዴ ዓይኔን ጨፈንኩ። ፊቱ መጣልኝ። የግራ ጆሮው ቦታ ግን... ምንም አልነበረም። ለስላሳ ቆዳ ብቻ።

የሠርጋችንን ፎቶ አወጣሁ። ጆሮው አለ። ግን ከሌላ ሰው ተቆርጦ የተለጠፈበት ይመስል ነበር።

ዕድሜ ነው አልኩ። ድካም ነው አልኩ።

በማግስቱ ሳቁን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ቀጥላ አረማመዱን ጠየቀችኝ፤ ግራውን ጠንከር፣ ቀኙን ቀለል አድርጎ እንደሚረግጥ ነገርኳት። ይህን አሁን የምጽፍላችሁ አስታውሼው አይደለም። ከሥዕሉ ዳር ጽፋው ስላለ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እርሷ ትስላለች፣ እኔ ልብስ አጥፋለሁ። ከበራችን ውጪ፣ በኮሪደሩ፣ ኮቴ ተሰማ።

ዱም... ጠብ። ዱም... ጠብ።

በራችን ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ጎረቤት ነው?" አልኩ።

እርሳሷ እጇ ላይ ቀጥ አለ።

"እማ..."

"ምን?"

"እንደነገርሽኝ ነው የሚራመደው።"

ጆሮዬን ጣልኩ። በትዳር ዘመኔ ሁሉ ማታ ማታ ስጠብቀው የነበረ ኮቴ ነው። ነገር ግን ለእኔ የመንገደኛ ኮቴ ሆነብኝ። ልጄ ለየችው፤ እኔ አልለየሁትም።

ተነስታ በሩን ከፈተች። ማንም የለም። የእግር መጥረጊያው ብቻ፣ ሰው ጫማውን እንደጠረገበት፣ ወደ ጎን ዞሯል።

ያኔ ገባኝ። ለእርሷ የምሰጣት ሁሉ ከእኔ ይወጣል። ከወጣ አይመለስም። እና የሆነ ቦታ... ይጠራቀማል።

ከዚያ በኋላ አፌን ዘጋሁ። ስትጠይቀኝ "ረሳሁ" አልኳት። ፊቷን ወደ ወረቀቷ ትመልሳለች እንጂ አትከራከረኝም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ መምህሯ ያላትን እራት እየበላች ነገረችኝ። ሦስቱ ሥዕሎች ጥሩ ናቸው፤ አራተኛው ግን ከኋላ ሲታይ ሰው ሳይሆን ማንጠልጠያ ላይ ያለ ኮት ነው አላት። ፊልሙ የሚያልቀው ደግሞ ሰውየው ጀርባውን ሰጥቶ በበር ሲወጣ ነው። ሐሙስ ሥዕሉ ካላለፈ ዓመቱን ትደግማለች። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ድምፅዋ አልተናወጠም። ከማን እንደወረሰችው አውቃለሁ።

ሳህኑን ገፋ አድርጋ በቀስታ፣ "ጀርባውን በጭራሽ አታስታውሺም?" አለችኝ።

አስታውሳለሁ። ሳይሸራረፍ የቀረልኝ እርሱ ብቻ ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ስታተኩስ አድራ ገና ክንዴ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። እርሱ በሩ ጋ ቆሟል፤ ጀርባው ለእኔ ነው። ቤት ውስጥ እርሱን የምጠራበት፣ ከሁለታችን ሌላ ማንም የማያውቀው ስም ነበረኝ። ዓለም ሁሉ ወላጆቹ ባወጡለት ስም ቢጠራው ላይሰማ ይችላል፤ በዚያ ስም ከጠራሁት ግን ከእንቅልፉም ይዞራል። ልጠራው አፌን ከፈትኩ። ልጄ ተንቀሳቀሰች። ዘጋሁት።

ማታ እጠራዋለሁ አልኩ።

ልጄ የጠየቀችኝ ይህን ጀርባ ነው።

"ይሄስ ለእኔ ይቅርልኝ" ልላት ስል ቀና ብላ አየችኝ።

"አንቺ እንኳ ረሳሁ ትያለሽ" አለች። "እኔ የምረሳውም የለኝም።"

ነገርኳት። ቀኝ ትከሻው በቦርሳው ክብደት ዘቅዘቅ ማለቱን፣ ኮሌታው በማንገቻው ስር መታጠፉን ነገርኳት። ስትጨርስ "ማን ብዬ ልጥራው?" አለች። ስሙንም ሰጠኋት። ከወረቀቱ አናት ላይ በሚያምር የእጅ ጽሑፏ ጻፈችው፤ ከዚያ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች ደጋገመችው። አባቷን ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነበር።

እኔ የዚያን ቀን ጠዋት አሁንም አስታውሳለሁ። በሩን አያለሁ። በሩ ጋ ግን ማንም የለም።

ሐሙስ ጠዋት ወረቀቷን ጠቅልላ፣ ስማኝ ሄደች። እኔ ወጥ ቤት ኩባያ አጥባለሁ። ሁለት ሰዓት ነው።

ከኋላዬ ብረት ከብረት ሲጋጭ ሰማሁ። በቦርሳ ውስጥ እንዳለ መሣሪያ...

ዞርኩ።

አንድ ሰው ከበሩ ወዲህ፣ ቤት ውስጥ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል።

አላወቅሁትም። ትከሻውን አየሁ። ኮሌታውን አየሁ። ናሙና እንደማመሳክር ከሥዕሉ ጋር አመሳክሬ ነው ማን እንደሆነ የደረስኩበት።

እጁ የበሩ እጀታ ላይ ነው። አይከፍትም። እየጠበቀ ነበር።

ምን እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። ዛሬ የተኛ ሕፃን የለም።

አፌን ከፈትኩ።

...ምንም።

ዓይኔን ከእርሱ ሳልነቅል ስልኬን በዳበሳ አንስቼ ልጄ ጋ ደወልኩ። እጄ እርጥብ ስለነበር ድምፅ ማጉያውን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"ስሙን ንገሪኝ" አልኩ በሹክሹክታ።

"የማንን?"

"የሥዕሉን። ከላይ የጻፍሽውን።"

"አንቺ አይደለሽ እንዴ የነገርሽኝ?" አለችና ተናገረችው።

ሰማሁት። ግን በወንፊት እንደተቀዳ ውኃ ፈስሶ አለቀ።

"ድገሚልኝ።"

ደገመችው።

"እማ... ምን ሆነሽ ነው?"

"ድገሚልኝ ልጄ። ጮክ በይ።"

ጮክ ብላ ጠራችው። ድምፅዋ ቤቱን ሞላው። የሰውየው ትከሻ... ንቅንቅ አለ።

ዓይኔን እንባ ጋረደው። ጠርጌ ሳይ በሩ እንደተዘጋ ነው። ማንም የለም።

ማታ ልጄ መጣች። ሥዕሉ አልፏል፤ መምህሩ አንድ ስህተት ብቻ አግኝቶባታል። ወረቀቱን መስታወቱ ላይ ዘርግታ መብራቱን አበራች።

አራተኛው ሰውዬ ራሱን ትንሽ ወደ ግራ ዘወር አድርጓል። የታጠፈው የጆሮ ጫፍ ይታያል።

"ቀጥ አድርጌ ነበር የሳልኩት" አለችኝ ቀስ ብላ። "ይሄን እኔ አልሳልኩም።"

ላጲስ አነሳች። እጇን ያዝኩት።

አሁን ወረቀቱ ከጠረጴዛዋ በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። በየቀኑ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ይዞራል። ዛሬ ጠዋት የጉንጩ ጫፍ ብቅ ብሎ አገኘነው።

ልጄ ወደ ወረቀቱ ተጠጋች።

"እማ... ሊስቅ ነው።"

ሲስቅ ምን እንደሚመስል ጠየቅኳት።

ወንበር ስባ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።