የሟሟው ክር

እንቁ የሞተችው ሆዳን ሰፈር፣ በአሠሪዋ ማድ ቤት ወለል ላይ፣ ስፌቱ የተፈታ ሆዷን በሽርጧ ደግፋ ነው። ቀዶ ሕክምና አድርጋ ገና ጎንበስ ብላ በምትራመድበት ሰሞን አሠሪዋ መዳም ውዳድ እንግዳ ጠርታ ነበር። ትልቁን ድስት ያነሳችው እንቁ ናት፤ ሌላ ማን ያነሳዋል?

ኢንስፔክተር ተክለወልድ፣ አያቱ የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ ከአገር ቤት ወደዚህ የወደብ ከተማ መጥተው እዚሁ የቀሩት፣ ሬሳው ላይ አጎነበሰ። የመርፌ ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ ክር ግን የለም። ሆድን ገጥሞ የሚይዘው የውስጥ ስፌት በናይሎን እንደሚሰፋ ሰምቷል፤ ናይሎን ደግሞ ይበጠስ ይሆናል እንጂ አይሟሟም። እንቁ የተሰፋችው ከእንስሳ አንጀት በሚሠራው፣ ቁስሉ በደንብ ሳይገጥም በሚሟሟው ክር ነው።

ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ኒዛር ጣቱን በነርሷ በማይሙና ላይ ቀሰረ። ናይሎን ብላት ሌላ አቀበለችኝ፣ እኔም እስከ ዛሬ ናይሎን መስሎኝ ነበር አለ። ማይሙና የታዘዝኩትን ነው ያቀበልኩት ብላ አለቀሰች። የነርስ እንባና የዶክተር ቃል ሲመዘኑ የትኛው እንደሚቀል የታወቀ ነው፤ ወህኒ የምትወርደው እሷ ነበረች።

ውዳድ በበኩሏ ስለ ክር የማውቀው የለም አለች።

«ወላሂ፣ ምን አጎደልኩባት? ክር ለማስወጣት እንኳ ሐኪም ቤት መመለስ አልነበረባትም።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ተክለወልድ ሦስቱንም እዚያው ማድ ቤት ሰበሰባቸው።

«ዶክተር፣ ናይሎኑ ሰማያዊ ነው፤ ያኛው ቢጫ። ናይሎን ያዳልጣል፣ ቋጠሮ ይደራረብበታል። ዓይንዎ ቢስት ጣትዎ እንዴት አላወቀም?»

ኒዛር ጣቶቹን ኪሱ ከተተ።

«ደግሞ ቆዳዋንም የሰፉት በናይሎን መስሎዎት ቢሆን ኖሮ ለክር ማስወጫ ቀጠሮ ይሰጧት ነበር። መዳም ግን ቀጠሮ እንደሌላት ያውቃሉ። መዳም፣ ማን ነገረዎት?»

ውዳድ ዶክተሩን አየችው።

«እሷ ናት የለመነችኝ» አለ ኒዛር። «እንቁ ክር ላስወጣ እያለች ስትመላለስ ቤቴን ማን ይይዝልኛል፣ ውስጡንም ውጩንም በሚሟሟው ስፋልኝ አለችኝ።»

ተክለወልድ እንዲህ ዓይነት ሰዎችን ይጠላል፤ መጥላቱንም አልደበቀም።

«አንድ ነገር ልንገርዎት፣ መዳም። ክር የሚወጣው ከቆዳ ብቻ ነው። የውስጡ ናይሎን አይወጣም፤ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ውስጡ በናይሎን ተሰፍቶ ቆዳው ብቻ በሚሟሟው ቢዘጋ፣ የፈሩት ምልልስ አይኖርም፤ እንቁም በሕይወት ነበረች።»

ውዳድ ወደ ኒዛር ዞረች። «ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ።»

ተክለወልድ ማይሙናን ወደ ቤቷ አሰናበታት፤ ሁለቱን መኪናው ውስጥ አስገባቸው። ውዳድ ከመሄዷ በፊት ወለሉን የሚያጥብላት ሰው እንዲፈለግላት ጠየቀች።