አስጎብኚው የጠራው ስም

እኔ የጅን ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ መርሳ ላይ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል፤ አስኳላ ባልገባም፣ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ማንበብን ያስተማርኩት ራሴን ነው፣ ያላጣራሁትንም አላምንም። ይህን አስቀድመህ እወቅልኝ ወዳጄ፣ የምነግርህ ነገር የሆነው በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሞላበት አውቶቡስ ውስጥ ነውና።

ባለፈው ዓመት ለዑምራ መካ ሄጄ፣ ከዑምራው በኋላ የታወቁ ቦታዎችን በሚያስጎበኝ አውቶቡስ ተመዘገብኩ፣ አንተንም ልምከርህ፣ ቋንቋውንም መንገዱንም በማታውቅበት የሰው አገር ብቻህን አትንከራተት፣ ደህና አስጎብኚ ያዝ፣ የሚልህንም ስማ። የእኛው እዚያው ያደገ የሐበሻ ልጅ ነው፣ ቢጫ ጃንጥላ ይዟል፣ ለእያንዳንዳችን ጆሮ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማዳመጫ አደለን፤ እሱ ሲናገር እኛ እንሰማለን፣ እኛ ብንናገር ግን በማዳመጫው አይሰማም፣ መናገሪያው እሱ እጅ ላይ ብቻ ነው። ይህን ልብ በል።

አጠገቤ የተቀመጠው ሙሄ የሚባል የሐራ ከተማ ነጋዴ ነው፣ "ይማም፣ ዕድሜህን ሙሉ ስታዝ ኖረህ ዛሬ በጆሮህ ልትታዘዝ!" ብሎ ሳቀብኝ።

ሳንነሳ ስም ጥሪ ተጀመረ። ሙሄ ተጠራ፣ አቤት አለ፣ ሌሎችም አሉ፣ ከዚያ አስጎብኚው "ሰዒድ ይማም!" አለ።

ክው አልኩ። ሰዒድ ይማም ልጄ ነው።

አፌን ሳልከፍት ከማዳመጫው ውስጥ "አቤት!" የሚል ድምፅ መጣ፣ ከሩቅ እየሮጠ እንደመጣ ሰው ትንፋሹ የተቆራረጠ፣ ከኋላው ንፋስ ያለበት። ልጆቼን ሁለተኛ እንዳልጣራ እየሮጣችሁ አቤት በሉ ብዬ ነው ያሳደግኋቸው። አስጎብኚው ወደሚቀጥለው ስም አለፈ።

ስለ ሰዒድ እውነቱን ልንገርህ። ከአራት ዓመት በፊት በየመን በኩል ወደዚያው መካ ወዳለችበት አገር ሊገባ ደላላ ይዞ ተነሳ፣ "አባ፣ መንገድ መሪ አለን፣ አንጠፋም" አለኝ፣ እኔም "ከዚህ በር ከወጣህ ስምህ እዚህ ቤት አይጠራም" አልኩት። ወጣ። ባሕሩን ሳይሻገር አንዴ ለእናቱ ደወለ፣ ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም፣ ስሙም አልተጠራም፣ ሚስቴ ዘሃራ ወልዳው ሳለ እኔ ባለሁበት አትጠራውም።

መጀመሪያ የቆምንበት ተራራ ሥር አስጎብኚውን "ልጄ፣ ሰዒድ የሚባለው ማነው?" አልኩት።

"እርስዎ ነዎታ አባባ! ፓስፖርትዎ ይማም ሰዒድ አይደል? እዚህ ዝርዝር ላይ የአባት ስም ይቀድማል።"

ልክ ነው። ለልጄ ያወጣሁለት የአባቴን ስም ነው፣ ስሜ ሲገለበጥ የእሱ ይሆናል።

"አቤት ያለውስ?"

"ሌላ ማን ይላል? ድምፅዎ ደግሞ የጎረምሳ ነው፣ ማሻአላህ!"

ሁለተኛው ስም ጥሪ አረፋ ሜዳ ላይ ነው፣ ስም ሲጠራ አፌን በመዳፌ ይዤ ጠበቅሁ፣ ወላሂ ትንፋሽም አላወጣሁም። "ሰዒድ ይማም!" ሲል "አቤት" መጣ፣ አሁን ራቅ ብሎ፣ ውኃ ካገኘ የቆየ ጉሮሮ ይመስላል። አስጎብኚው ወደ እኔ አላየም፣ በመስኮት ወደ ባዶው ሜዳ አየና በእስክሪብቶው ምልክት አደረገ። ሙሄ መሳቁን ትቶ ነበር።

በመጨረሻው ፌርማታ ድምፁ ግድግዳ ማዶ ያለ ያህል ደክሞ "አቤት" ሲል ብድግ አልኩ፣ "ሰዒዶ! የት ነህ ልጄ?" ብዬ ጮህኩ፣ አውቶቡሱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጆሮዬ ውስጥ ንፋስ ብቻ ነበር።

"ሁሉም ተሟልቷል፣ እንሂድ" አለ አስጎብኚው።

"አቁም! ሰው ቀርቷል!"

"አባባ፣ ቆጥሬያለሁ፣ አንድም ሰው አልጎደለም።"

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ሙሄ እጅጌዬን ይዞ ቀስ ብሎ፣ "እኔም ሰምቻለሁ ይማም፣ ተቀመጥ" አለኝ።

ይኸው መርሳ ተመልሻለሁ። ዘሃራ "ምን አየህ?" ስትለኝ "ተራራ" አልኳት። አባት ከሆንህ ልጅህን ተቆጣ፣ ሲያጠፋም ቅጣ፣ ስሙን ግን አትከልክለው፤ የእኔን ልጅ በአራት ዓመት ውስጥ የጠራው አንድ የማያውቀው ሰው ነው፣ ያውም ተሳስቶ፣ ልጄ ግን ሦስቱንም ጊዜ አቤት ብሏል።

ሲመሽ በሩ ላይ እቆማለሁ፣ ስሙ ከንፈሬ ላይ ይደርሳል። ብጠራው ዝም ሊል ይችላል። አቤት ቢለኝስ፣ ከየት ሆኖ ነው?

ዘሃራ ከውስጥ "ማንን ነው የምትጠብቀው?" ትለኛለች።

"ማንንም" እላታለሁ፣ ስሙን ላለመጥራት።