የታኦ ቀይ ክር

አክስቴ "ድመቷ በሬሳው ላይ ዘለለች" አለች።

እናቴ ደግሞ "ድመቷ ከቅርጫቷ አልወጣችም" አለች።

ሁለቱም እዚያው ክፍል ውስጥ ነበሩ። አንዳቸውም ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ያየሁትን ብቻ ልንገራችሁ።

ግን ሆኗል... በጠራራ ፀሐይ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሳ ዴክ ከተማ ውስጥ ቦዩ ዳር ባለው የእንጨት ቤታችን።

የሞተችው እህቴ ታኦ ናት። አስር ዓመቷ ነበር። ትኩሳት ያዛት፤ ሳምንት እንኳ አልቆየችም።

ድመቶቹ የእሷ ነበሩ። ጥቁሯ ሙንና ቢጫው ሚት። ሚት የሩዝ ማስቀመጫው ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ሙን ከመደርደሪያ ላይ ብርጭቆ ትገፋና ወድቆ ሲሰበር አንገቷን አስግጋ ታያለች።

ታኦ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ከትምህርት ቤት እንደገባች ቀይ የሱፍ ክር እየጎተተች በቤቱ ትዞራለች። ሁለቱም ከኋላዋ ናቸው። ወንበር ይወድቃል፣ ሳህን ይንኮታኮታል፣ እናቴም ከማድ ቤት ትጮሃለች።

"እናንተ ሦስት ጉዶች!"

እኛ ዘንድ ሬሳ ከቤት እስኪወጣ ድመት ይታሰራል። ድመት ከዘለለበት ሟቹ ይነሳል ይባላል። ሆዱም ላይ የአረንጓዴ ሙዝ ዘለላ ይቀመጣል፤ የሚመጣው መንፈስ በሙዙ እንዲዘናጋ።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩ ነኝ፤ አላመንኩበትም። ግን አክስቴ ስላዘዘችኝ ድመቶቹን ቅርጫት ውስጥ ከትቼ ክዳኑን በገመድ አሰርኩት። ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት።

ከዚያ የሬሳ ሳጥኑን ያመጡትን ሰዎች ልቀበል ወጣሁ።

የአክስቴ ጩኸት መለሰኝ...

ሙዙ መሬት ላይ ወድቋል። የቅርጫቱ ክዳን ተከፍቷል። ድመቶቹ ግን ውስጡ ተቀምጠዋል።

ደረቷ ላይ ያጠፍነው የታኦ እጅ ከአልጋው ጠርዝ ወርዶ ተንጠልጥሏል።

"ዘለለች! በዓይኔ አየኋት!"

"አልወጣችም፤ ተዪኝ፣ እትዬ" አለች እናቴ በሹክሹክታ።

"ገመዱንስ ማን ፈታው?"

የገመዱ ቃጫ በእናቴ ጥፍሮች ውስጥ ነበር።

ቀበርናት። ቀዩን ክር አብሬ ላስገባላት ፈልጌ ነበር... አጣሁት።

ከቀብሩ በኋላ ቤቱ ዝም አለ። ድመቶቹ ብርጭቆ መግፋት ተዉ። ሚት የታኦ ጫማ ላይ ተኝቶ ይውላል።

አንድ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለቱም እኩል ቀና አሉ።

ቀዩ ክር ከቁም ሳጥኑ ስር ወጣ።

ተንሸራተተ...

የፊት ጫፉ ወለሉን አይነካም። የአንዲት ልጅ እጅ በሚደርስበት ቁመት ላይ ነው።

ሙን ዘለለች፤ ሚት ተከተላት። ወንበር ወደቀ።

እናቴ ከማድ ቤት ወጥታ አየች። አልጮኸችም። ፈገግ አለች።

"እናንተ ሦስት ጉዶች..."

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሆነ። እናቴ የምትኖረው ለዚያች ሰዓት ብቻ ነበር። ክሩም በየቀኑ ወደ ጓሮው በር ይጠጋል። ከበሩ ውጪ ያለው ወደ ቦዩ የሚወርደው ደረጃ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴን ደረጃው ላይ አገኘኋት። ውሃው ጉልበቷ ደርሷል። ጎትቼ አወጣኋት።

በማግስቱ አክስቴን ጠራኋት።

"እስቲ እዪው ራስሽን፤ የማሽላ አገዳ መስለሻል!" አለቻት እናቴን። "ይሄ ልጅስ? የማን ሊሆን ነው?"

"እሱ ጢም አብቅሏል፣ እትዬ" አለች እናቴ። "እሷ ዋና አትችልም።"

አክስቴ ልትቆጣት ነበር። ዓይኗ ግን እንባ ሞላ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

ክሩ ከቁም ሳጥኑ ስር አልወጣም። ድመቶቹ ወደዚያ አላዩም።

የሚያዩት እናቴን ነው።

የእጅጌዋን ጫፍ ገለጥኩ። የክሩ አንድ ጫፍ የእጇ አንጓ ላይ ታስሯል... ሁለት ጊዜ ተቋጥሮ። ከዚያ በበሩ ወጥቶ፣ በደረጃው ወርዶ፣ ውሃው ውስጥ ይገባል።

"እማ... ማን ነው ያሰረሽ?"

"ዝም በል፣ ሎክ። ጨዋታ ላይ ናት።"

ክሩ ተወጠረ። የሆነ ነገር ከውሃው ውስጥ ጎተት... ለቀቅ... ጎተት አደረገው። ልክ ታኦ ድመቶቹን ስታባብል እንደምታደርገው።

እናቴ አንድ እርምጃ ሄደች።

አክስቴ የማድ ቤቱን ቢላዋ እጄ ላይ አኖረችው። ሙን እግሬ ስር ቆማ ቀና ብላ አየችኝ። አልጮኸችም።

"እቆርጠዋለሁ፣ ታኦ" አልኩ ወደ ውሃው፣ ጮክ ብዬ። "እህቴ፣ አትቀየሚኝ... እቆርጠዋለሁ።"