የአባዬን ምሳ ማን በላው?

የትርሲት አባት አናጢ ነው። ደሴ ከተማ፣ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ፣ ቀኑን ሙሉ «ኳ! ኳ! ኳ!» ሲያደርግ ይውላል።

ምሳውን የሚበላው ምግብ ቤት ነበር። የምግብ ቤቱ ወጥ ደግሞ በርበሬው የጉድ ነው!

አንድ ቀን ሆዱን ይዞ መጣ። «ውይ ተቃጠልኩ! ከእንግዲህ ምሳዬን ከቤት ይዤ ነው የምሄደው» አለ።

ትርሲት ከዱካዋ ብድግ አለች። «እኔ ነኝ የምቋጥርልህ! እኔ ብቻ!»

ትርሲት ገና ስድስት ዓመቷ ነው። ስታዝ ግን አለቃ ትመስላለች።

በማግስቱ እናቷ ሽሮ ሠራች። ትርሲት እንጀራውን ጠቀለለች፣ ሽሮውን በማንኪያ ጨመረች፣ የምሳ ዕቃውን ክዳን በሁለት እጇ ተጫነችው።

ሙላ ሙላ! ጠቅጠቅ ጠቅጠቅ! ቀጭ!

ማታ አባቷ ተመለሰ። ምሳ ዕቃው ባዶ ነው። ትርሲት ደስ አላት።

ግን ይሄ ምንድን ነው? የአባቷ ሆድ «ጉርርር!» ይላል።

«አባዬ፣ አልጠገብክም እንዴ?»

«ኧረ ጠግቤያለሁ የኔ እመቤት፣ እጅሽ ይባረክ» አለ። አፉ «ጠግቤያለሁ» ይላል፤ ሆዱ ግን «ጉርርር!»

ትርሲትን ከፋት። ምሳውን የቋጠረችው እሷ፣ ተርቦ የመጣው አባቷ!

በማግስቱ ምስርና ሁለት እንጀራ ቋጠረች። ሙላ ሙላ! ጠቅጠቅ ጠቅጠቅ! ቀጭ!

ማታ፣ ምሳ ዕቃው ባዶ። የአባቷ ሆድ «ጉርርር!»

በሦስተኛው ቀን ከጎረቤት ባለ ሦስት ደርብ ምሳ ዕቃ ተዋሰች። ሙላ ሙላ! ጠቅጠቅ ጠቅጠቅ! ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ!

ማታ፣ ሦስቱም ደርብ ባዶ። የአባቷ ሆድ «ጉርርር!»

ትርሲት ምሳ ዕቃውን ገልብጣ አየችው። «አንተ ነህ እንዴ የምትበላው?» አለችው። ምሳ ዕቃው ምን ይመልስ!

ቅዳሜ ትምህርት ቤት የለም። ትርሲት ከአባቷ ጋር ሥራ ቦታ ሄደች። ሦስቱ የሥራ ጓደኞቹም እዚያ ነበሩ።

አባቷ በመዶሻ፣ «ኳ! ኳ!» ሙሄ በመጋዝ፣ «ዝዝዝ!» እትዬ ዘነቡ በብርጭቆ ወረቀት፣ «ሽሽ! ሽሽ!» ጋሽ እንድሪስ ደግሞ ወንበር ቀለም ይቀባሉ።

የምሳ ሰዓት ደረሰ። አባቷ ምሳ ዕቃውን ከፈተ። ግራና ቀኙን አየና «እንብላ!» አለ።

መጋዙ ዝም። ብርጭቆ ወረቀቱ ዝም። ሁሉም እጃቸውን ታጥበው መጡ።

«ቢስሚላህ!» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «እኔስ ለመቅመስ ያህል ነው» አሉ እትዬ ዘነቡ፣ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው።

አባቷ ሙሄን አጎረሰው። «አንድ ጉርሻ ያጣላል!» አለ ሙሄ። ሁለተኛ ጎረሰ። ሦስተኛም!

ለአባቷ አንዲት ጉርሻ ቀረች። ያቺንም ጉርሻ ለትርሲት አጎረሳት።

«ጉርርር!» አለ የአባቷ ሆድ።

ትርሲት አሁን ገባት። እንባዋ መጣ። «አባዬ! ያንተ ምሳ እኮ ነው! ለምን እንብላ አልካቸው?»

አባቷ በርከክ ብሎ እንባዋን ጠረገላት። «የኔ እናት፣ ሰው አጠገቤ እያለ ብቻዬን ልብላ? አይወርድልኝማ!»

ትርሲት አሰበች። አባቷ ብቻውን እንዲበላ አልፈለገች። እንዲርበውም አልፈለገች። አሰበች፣ አሰበች...

ባዶውን ምሳ ዕቃ ይዛ መሀል ላይ ቆመች። «ጋሽ እንድሪስ፣ የእርስዎ ምሳ ዕቃ የታለ?»

«የለኝም ልጄ። ምግብ ቤት ነበር የምበላው። ያንቺን ምሳ ከቀመስኩ ወዲህ ግን እግሬ ወደዚያ እምቢ አለኝ።»

«እንግዲያው ሰኞ ሁላችሁም ከቤታችሁ ቋጥራችሁ ኑ! ከባድ አይደለም። ሙላ ሙላ! ጠቅጠቅ ጠቅጠቅ! ቀጭ!»

ሁሉም አፈሩ። «እውነቷን እኮ ነው፤ ሰውየውን በረሃብ ልንጨርሰው ነው!» አሉ እትዬ ዘነቡ። ከዚያ ሳቅ በሳቅ ሆኑ።

ሰኞ ማታ ትርሲት በር ላይ ቆማ ጠበቀች። አባቷ ሲመጣ ሮጣ ጆሮዋን ሆዱ ላይ ለጠፈች።

ዝም! ምንም ድምፅ የለም!

«አመጡ?»

«አመጡ! ጋሽ እንድሪስ የድንች ወጥ፣ እትዬ ዘነቡ ጎመን፣ ሙሄ ደግሞ ራሱ የቀቀለው ፓስታ። አንድ ትሪ ላይ ገልብጠን፣ እንብላ! ተባባልን።»

«ፓስታው ይጣፍጣል?»

«ወንበር ይጣበቅበታል!» አለ አባቷ እየሳቀ። «በልተነዋል ግን።»

ምሳ ዕቃውን ሲሰጣት ከበዳት። ከፈተችው። ድንች፣ ጎመን፣ አንድ ጓል ፓስታ!

«ይህ የአለቃችን ድርሻ ነው ብለው ላኩልሽ።»

ትርሲት ዓይኗ በራ። «እማዬ ነይ! አባዬ ና! እንብላ!»

በሉ፣ ተጎራረሱ፣ በሙሄ ፓስታ ሳቁ። ትርሲት አንዱን ፓስታ አገጯ ላይ እንደለጠፈች እናቷ እቅፍ ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት።

በዚያች ሌሊት፣ በዚያ ቤት የማንም ሆድ «ጉርርር» አላለም።