ሦስት ጊዜ የተሰረዘ ቀጠሮ

እናንተዬ፣ ሰው ለመጀመሪያ የመኪና ትምህርቱ ተረከዘ ረጅም ጫማ አድርጎ ይመጣል? እሷ መጣች። ቀኑን ሙሉ በሆስፒታል ላውንደሪ ውስጥ በላስቲክ ቦት ቆማ አንሶላ ስታጥብ የምትውል ሴት፣ «መኪና ልማር ነው» ብላ ለክፉም ለደጉም ያስቀመጠቻትን ጫማ ተጫምታ ከች አለች። አስተማሪው እግሯን አየ፣ ፔዳሉን አየ፣ መልሶ እግሯን አየ።

«እህቴ፣ በዚህ ጫማ ፍሪሲዮኑ አይሰማሽም። አውልቂው።»

«ባላወልቀውስ?»

«ባታወልቂውማ የሰው ግድግዳ ውስጥ ነው የምንገባው።»

አወለቀች። አውራ ጣቷ በካልሲዋ ቀዳዳ ብቅ ብሎ ሰላምታ የሚሰጥ መሰለ። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች! አስተማሪው ግን ወዲያው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ስለ ስፖኪዮ ማስረዳት ጀመረ። አንድ ጊዜም ዝቅ ብሎ አላየም። እሷም የተሸነፈችው እዚያው ላይ ነው። ልቧን በአበባ ሊያሸንፍ የመጣ ሰው ቢሆን ታባርረው ነበር፤ ይሄ ግን ነውሯን አይቶ እንዳላየ ያለፈ ሰው ነው።

በዚያ ቀን ሞተሩን ሰባት ጊዜ አጠፋችው። ከኋላዋ የተሰለፈው መኪና ሁሉ ጡሩምባውን ያንባርቃል።

«ሰባት ጊዜ አጠፋሁት! ተወው፣ እኔ አይሆንልኝም!»

«ስምንተኛው ላይ ይነሳል» አላት ረጋ ብሎ። «የሚጮሁትን እርሺያቸው። እነሱም ተምረው ነው የመጡት።»

ስምንተኛው ላይ ተነሳ።

ቤት ስትገባ አክስቷ በር ላይ ጠበቀቻት። አብራት የምትኖረው ይህች አክስቷ፣ ገና ከልጅነቷ ጀምሮ ስለምትጣደፍ «ችኩሊት» ነው የምትላት።

«እህ፣ ችኩሊት! ሰው ገጨሽ?»

«አልገጨሁም እቴቴ።»

«ታዲያ ምን ያስቅሻል?»

«አልሳቅሁም እኮ!»

«እንግዲያው ጥርስሽ ብቻውን ነው የወጣው» አለችና አክስቷ ወደ ጓዳ ገባች።

ችኩሊት መንጃ ፈቃድ የፈለገችው ለመዝናናት አልነበረም። በዚህ በሰው አገር ለመኖሪያ ፈቃድ ካመለከተች አራት ዓመት ሆኗታል። እጇ ላይ ያለው ጊዜያዊ ወረቀት ነው፤ በሱ መሥራት ይቻላል፣ መንጃ ፈቃድ መፈተን ይቻላል፣ ከአገር ወጥቶ መመለስ ግን አይቻልም። እናቷን ካየች አምስት ዓመት አልፏታል። ጠበቃዋ «ቋሚ የሥራ ውል አምጪና ፋይልሽ ነፍስ ይዘራል» ብሏታል። ውሉም ተገኝቶ ነበር። የአረጋውያን መጦሪያ የሆነ ድርጅት፣ ሽማግሌዎቹን ወደ ሐኪም የምታመላልስ ሾፌር ፈልጎ እሷን መርጧል። ሥራው በባቡር የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ በሚገኝ ሌላ ከተማ ነው። ድርጅቱ ቦታውን ሊያቆይላት የሚችለው እስከ ሦስተኛው ወር መጨረሻ ብቻ። ጊዜያዊ ወረቀቷም የሚያልቀው በዚያው ቀን ነው፤ አንዴ ካለቀ ደግሞ ማሳደሱ ስድስት ወር ይፈጃል።

እና ምን አደረገች? ሁላችንም የምናደርገውን። ቋንቋውን ገና በቅጡ አታነብም፤ ስለዚህ ቀድሟት ለመጣው የአገሯ ሰው፣ ለአስተማሪው፣ ፋይሏን እንዳለ አስረከበችው። የፈተና ቀጠሮ የሚገባበትን የሚስጥር ቁጥሯንም ጭምር።

«ቁጥሩን ለሰው አይሰጡም እኮ» አላት አስተማሪው ያን ጊዜ።

«አንተ ሰው ነህ እንዴ?» ብላ ሳቀች። ወንድሜ ነህ፣ ከሰው ትለያለህ ማለቷ ነው። እሱም ሳቀ፤ ቁጥሩን ስልኩ ላይ መዘገበው።

ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ... ትምህርቱ በሳምንት ሁለት ቀን የነበረው ሦስት ሆነ፣ ሦስቱ አራት ሆነ። ከገበያ አዳራሹ ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ ወደ ኋላ መንዳት ያለማምዳታል። አንድ ቅዳሜ ድንገት ጠየቃት።

«ወደ ኋላ ስትነጂ ትንፋሽሽን ለምን ትይዢያለሽ?»

«ወደ እኔ ጎንበስ ስለምትል ነዋ!»

አመለጣት። ሞተሩ ጠፋ፤ በዚህኛው እንኳን እሷን መውቀስ አይቻልም።

«እኔም እይዛለሁ» አላት ቀስ ብሎ።

በዚያው ሳምንት ለእናቷ በስልክ ነገረቻት። እናት «ቤተሰቡ ማነው?» አለች፣ «ይጠጣል?» አለች፣ በመጨረሻ «ስትመጪ ይዘሽው ነይ፣ ልየው» ብላ መረቀች። አክስቷም ብትሆን አፏ ነው እንጂ ወዳዋለች። «ይሄ ሰውዬ ማርሽ ነው የሚያስተምርሽ ወይስ ሌላ ነገር?» እያለች፣ ሲመጣ ግን ትልቁን ሳህን የምታቀርበው ለሱ ነው።

አስተማሪው የቆየ ቁስል ነበረበት። ከዓመታት በፊት አብራው የኖረች ሴት፣ የመኖሪያ ፈቃዷ በመጣ በሳምንቱ ሻንጣዋን ይዛ ሄዳለች። ይህን ሲነግራት ችኩሊት እጁን ይዛ አለቀሰች። እሱ የፈራው ምን እንደሆነ ግን አልጠየቀችም። እሱም አልነገራት።

ቀጠሮው ግን አልመጣ አለ።

«ዛሬስ?» ትለዋለች።

«ምንም የለም ውዴ። ጊዜያዊ ወረቀት ያላቸውን ወደ መጨረሻ ነው የሚገፏቸው።»

በመጀመሪያው ወር እንዲህ አላት፤ ትከሻው ላይ አለቀሰች። በሁለተኛው ወር እንዲሁ አላት፤ ደግማ አለቀሰች፣ እሱም እንድትረሳው ብሎ ወደ ወንዝ ዳር ወሰዳትና ሲያስቃት ዋለ። በሦስተኛው ወር እንባዋን በመሐረቡ እየጠረገ «አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ» አላት። እሷም «አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር!» አለችው።

ሦስተኛው ወር ሊያልቅ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የዓይን ምርመራ ወረቀቷን ለማስገባት ብቻዋን ወደ መንጃ ፈቃድ ቢሮ ሄደች። ወትሮ እሱ ነበር የሚያስገባላት፤ የዚያን ዕለት ተማሪ ነበረበት። መስኮቱ ላይ መነጽር ያደረገች ሴትዮ ተቀምጣለች። ወረቀቱን ተቀብላ ኮምፒውተሯን ስታይ ግንባሯን ቋጠረች።

«ምነው ደጋግመሽ ትቀሪያለሽ?»

«የት ነው የቀረሁት?»

«ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ተሰጥቶሻል። ሦስቱም ተሰርዘዋል።»

ችኩሊት ሳቋ መጣ። «ስህተት ነው። የእኔ ጉዳይ ወደ መጨረሻ ተገፍቶ ነው እንጂ...»

«ማንም አልገፋሽም» አለች ሴትየዋ። ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞረችላት። «ይኸው ቀኖቹ። ምክንያቱም ተጽፏል፤ ተማሪዋ ገና ዝግጁ አይደለችም ይላል። ከሥሩ ደግሞ የአስተማሪሽ ስም አለ።»

ቀኖቹን አየቻቸው። ሁለተኛው፣ ወንዝ ዳር የሄዱበት ቀን ነው። እሷ ውሃው ዳር ተቀምጣ በሳቅ ስትፈርስ፣ እዚህ የፈተናዋ ሰዓት ያለ እሷ አልፏል። የመስኮቱን ጠርዝ ያዘች።

«ደህና ነሽ?» አለች ሴትየዋ።

«ደህና ነኝ... ሌላ ቀን አለ?»

«ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት አንድ ሰው ቀርቶብኛል። ግን መኪናው የተመዘገብሽበት መሆን አለበት፤ አስተማሪሽም አብሮ መቀመጥ አለበት። አስተማሪ ልቀይር ካልሽ አንድ ወር ይፈጃል።»

አንድ ወር የላትም። «ያዥልኝ» አለች። ከዚያ እዚያው ቆማ፣ በስልኳ የሚስጥር ቁጥሯን ቀየረች።

ወጥታ ደወለችለት። ድምጿ የራሷ አልመስል አላት።

«ሐሙስ አራት ሰዓት መኪናውን ይዘህ ቢሮው በር ላይ ትመጣለህ።»

«ምን ተገኘ ውዴ?»

«ፈተና አለኝ።»

አስተማሪው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ማን ነገረሽ?»

ይሄን ይጠይቃል እንጂ «እንኳን ደስ አለሽ» እንኳ አላለም! ስልኩን ዘጋችው።

አክስቷ ስትሰማ ነጠላዋን አንስታ ተነሳች። «የት ነው ያለው? ልሂድና ልኩን ላሳየው! በትልቁ ሳህን እያበላሁት!»

«እቴቴ ተይ። መኪናው የሱ ነው። እስከ ሐሙስ ያስፈልገኛል።»

«እንዴት አድርገሽ ነው አንድ መኪና ውስጥ የምትቀመጪው?»

«እንጃ» አለችና አክስቷ ጭን ላይ ተደፋች። እንደዚያ ቀን አልቅሳ አታውቅም። «እቴቴ፣ ያስለቀሰኝ እሱ፣ የሚያባብለኝ እሱ! አንዴም አልጨነቀውም?»

አክስቷ ፀጉሯን ትዳብሳት ነበር።

ሐሙስ ደረሰ። መጥቷል፤ መኪናውንም አጥቦታል። ዓይኑ ቀልቷል። ሊያናግራት አፉን ሲከፍት ፀጉሩ የሸበተ ፈታኝ መዝገቡን ይዞ መጣና ከጎኗ ተቀመጠ። አስተማሪው ከኋላ ገባ።

ቁልፉን ስታዞር ከኋላዋ የሚተነፍሰውን ትሰማዋለች። ይሄ ሰው አሁንስ ምን ያደርገኝ ይሆን ብላ ፈራች፤ የምትወደውን ሰው መፍራት ምን ያህል እንደሚመር ያን ጊዜ ገባት። ግን እግሯ ሥራውን ያውቃል። ፍሬቻ አሳየች፣ ስፖኪዮ አየች፣ ወጣች። አደባባዩን ዞረች። ዳገት ላይ አቁማ ሳትንሸራተት ተነሳች። በሁለት መኪና መሐል ወደ ኋላ ገብታ በአንድ ጊዜ አቆመች። አንዴም ሞተር አላጠፋችም።

ፈታኙ መዝገቡ ላይ ፈረመና እየሳቀ ወደ ኋላ ዞረ።

«አንተ ሰውዬ፣ ይቺን የመሰለች ሾፌር እስከ ዛሬ የት ደብቀሃት ነው?»

ፈታኙ ማሞገሱ ነበር። አስተማሪው አንገቱን ደፋ። ፈታኙ የማለፊያ ወረቀቱን ሰጥቷት ወርዶ ሄደ። ሁለቱ ቀሩ።

«ይቅር በይኝ» አላት ከኋላ። «ስለምወድሽ ነው። መንጃ ፈቃዱን ባገኘሽ ማግስት ትሄጃለሽ። ያኛዋም እንደዚያ ነው ያደረገችኝ። ትንሽ ጊዜ ብቻ... እስክትለምጂኝ ብዬ።»

«ወረቀቴ በስምንት ቀን እንደሚያልቅ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«እናቴን ካየኋት አምስት ዓመቴ እንደሆነስ?»

«አውቃለሁ...»

«አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ትሄጃለሽ ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል?»

አስተማሪው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ብትጠይቀኝ ኖሮ እነግርህ ነበር» አለች። እንባዋ መሪው ላይ ይንጠባጠባል። «ከሁለት ወር በፊት የድርጅቱን ሥራ አስኪያጅ ለምኛት፣ እዚሁ ከተማ ወዳለው ቅርንጫፋቸው እንድታዛውረኝ ተስማምታለች። ፈተናውን ሳልፍ ልነግርህ ነበር ያስቀመጥኩት። ላስደስትህ!»

«እዚሁ?» ድምፁ ተሰበረ። «እዚሁ ልትሆኚ ነበር?»

«ላንተ ስል።»

በሩን ከፍቶ ወጣና በሷ በኩል መጥቶ ተንበረከከ። መንገደኛ ሁሉ እያየው ነው፤ ግድ አልሰጠውም።

«እንግዲያው እንጋባ! ነገ! የፈለግሽውን አድርጊኝ፣ ብቻ አትሂጂብኝ!»

ፊቱን አየችው። ጠላችው ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ብትጠላው ኖሮ ነገሩ ይቀላት ነበር።

«አንድ ጊዜ ሰርዘኸው ቢሆን ፈርቶ ነው ብዬ ይቅር እልህ ነበር። ሦስት ጊዜ ነው። ሦስቱንም ጊዜ ያለቀስኩት ትከሻህ ላይ ነው፤ ሦስቱንም ጊዜ አይዞሽ ብለኸኛል። ስረዛውን ልረሳልህ እችላለሁ። አይዞሽ ያልከኝን ግን እንዴት አድርጌ ልርሳ? ከዛሬ በኋላ ብታቅፈኝ፣ ምን ደብቆኝ ይሆን እያልኩ ነው የምታቀፈው።»

«እለወጣለሁ...»

«ተለወጥ። ለሌላዋ ይጠቅማታል።»

የመኪናውን ቁልፍ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ከዚያ እዚያው ፊቱ ስልኳን አውጥታ ለሥራ አስኪያጇ ደወለች።

«ፈተናውን አልፌያለሁ። ዝውውሩን ግን ሰርዢልኝ፤ መጀመሪያ ያልሽኝ ከተማ እመጣለሁ። ሰኞ እጀምራለሁ።»

አስተማሪው እንደተንበረከከ ቀረ። ሲፈራው የነበረውን ነገር በገዛ እጁ እንዳመጣው የገባው አሁን ነው። እሷም ወደ ኋላ ሳትዞር ሄደች፤ ዞራ ቢሆን ትመለስ እንደነበር ኋላ ለአክስቷ ተናግራለች።

ከሰባት ወር በኋላ የመኖሪያ ፈቃዷ መጣ። ሽማግሌዎቹን ሐኪም ቤት አድርሳ፣ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ፖስታውን ራሷ ከፈተች፤ ፊደል በፊደል እየለየች ራሷ አነበበችው። ከዚያ ወደ እናቷ ደወለች።

«እማዬ! ወረቀቱ ወጣ! ልመጣ ነው!»

እናቷ እልል አለች፣ ጎረቤት ጠራች፣ አለቀሰች። ትንፋሿ ሲመለስላት ዝግ ብላ ጠየቀቻት።

«ያ ልጅስ? አብሮሽ ይመጣል?»

ለችኩሊት አገር ምድሩ የተደሰተላት ቀን ነበር፤ ወረቀቱን ግን አጥፋ ወደ ፖስታው መለሰችው።

«አይ እማዬ» አለች። «ብቻዬን ነኝ።»

እናት አልመረመረችም። «ብቻሽንም ነይ፣ የኔ ልጅ» አለቻት። «እኔ ስጠብቅ የነበረው አንቺን ነው።»