የቅርቡ ኳስ

ሰውየው የቤዝቦል ጓንቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ጓንት ጠጋኟ ኖሬሊስ ገልበጥ አድርጋ ስታየው የጓንቱ አውራ ጣት ላይ በጥቁር ቀለም የተጻፈ ስም አነበበች። ራዳሜስ ፒሜንቴል።

ወስፌው ከእጇ ሊወድቅ ነበር።

ይህን ስም እነሱ ቤት የሚጠራው አልነበረም። እናቷ ዶኛ ሚላግሮስ «ያ ሰውዬ» ነበር የምትለው። ባለፈው ጥር፣ እዚሁ ባኒ ከተማ ሜዳ ላይ፣ ያ ሰውዬ የወረወረው ኳስ በተጋጣሚው ቡድን ኳስ በዱላ የሚመታውን የታላቅ ወንድሟን የዊልኒን የግራ ጉንጭ አጥንት ሰብሮታል። ኖሬሊስ ያን ሰሞን ሳንቶ ዶሚንጎ አክስቷ ዘንድ ስለነበረች ሰውየውን በዓይኗ አይታው አታውቅም። የምታውቀው የተነገራትን ነው፤ አበባ ይዞ ሆስፒታሉ በር ድረስ እንደመጣ፣ እናቷም አበባውን ነጥቃ መልሳ ፊቱ ላይ እንደወረወረችው።

«ምን ሆነ?» አለችው ጓንቱን እያገላበጠች።

«ጠፍሩ ሳይላላ አይቀርም። ኳሱ እያመለጠኝ ተቸገርኩ።»

ጠፍሮቹን አንድ በአንድ ሳበቻቸው። አንዱም አልላላም። አባቷ ሳይሞት ጓንት መጠገን ያስተማራት ገና በሰባት ዓመቷ ነው፤ በጨለማ ብትዳስሰው እንኳ ደህናውን ከተጎዳው ትለያለች።

«በየትኛው እጅህ ነው የምትወረውረው?»

«በቀኝ።»

«ይሄ በግራ የሚጠለቅ ነው። ኳሱ የሚያመልጥህ ከቀኝ እጅህ ከሆነ፣ እኔ የግራውን ጠፍሬ ምን ልረዳህ?»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። ረጅም ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ዓይኑ ሥር ደግሞ እንቅልፍ ያጣ ሰው ጥቁረት አለ።

«ጫማ ቀየርኩ» አለ ቀስ ብሎ። «ክንዴን ሦስት ሐኪም አየው። ደህና ነህ አሉኝ። የቀረኝ ጓንቱ ነው።»

ልታባርረው አፏን ከፈተች። የወጣው ቃል ግን ሌላ ሆነ።

«ሐሙስ ተመለስ።»

ሐሙስ ተመለሰ። ደህናውን ጠፍር ፈትታ እንደገና ጠፍራው ነበር። በሚቀጥለው ሐሙስም መጣ፤ ጓንቱ ጠንክሮብኛል አለ። በሦስተኛው ሐሙስ ሰበብ አጥቶ ጓንቱን እንደታቀፈ ባንኮኒው ፊት ለፊት ቆመ።

«ዛሬስ ምን ሆነ?» አለችው።

«ዛሬ ምንም አልሆነም።»

ኖሬሊስ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ሥራዋ አጎነበሰች። ወዲያው ግን የወንድሟ ፊት ትዝ አላትና ሳቋ ጠፋ። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ የማን እህት እንደሆንኩ ዛሬ እነግረዋለሁ ስትል ነው የሰነበተችው።

ያን ዕለት ግን ቀድሞ የተናገረው እሱ ነው።

«አንድ ሰው መትቻለሁ» አለ። «ወርዋሪ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ከመቺው ራቅ ብሎ ያልፋል፤ ሁለተኛው ደረቱን ታክኮ ነው የሚያልፈው። ከዚያ ወዲህ ይህን የቅርቡን መወርወር አቃተኝ። ከኋላ ያለው ተቀባይ ጓንቱን ወደ መቺው ጠጋ ሲያደርግ ጣቶቼ ይደርቃሉ። አጥንቱ ሲሰበር የሰማሁት ድምፅ ይመጣብኛል። ኳሱም አጥር ጥግ ይወድቃል። መቺዎቹ ሁሉ አውቀውብኛል፤ የቅርቡን እንደማልወረውር ስለሚያውቁ ወደ ሩቁ አዘንብለው ነው የሚጠብቁኝ። አሠልጣኙ እስከ ኅዳር ብቻ ነው የሚታገሠኝ።»

«ሰዎች ምን አሉህ?»

«ጸልይ አሉኝ። እርሳው አሉኝ። አንቺ ብቻ ነሽ ምንም ያላልሺኝ።»

ኖሬሊስ ወስፌውን አስቀመጠች። የዚህን ታሪክ ሌላውን ግማሽ እሷ ነበር የምታውቀው። የዊልኒ አጥንት ገጥሟል፤ ዓይኑም ይህ ነው የሚባል እንከን የለበትም። ነገር ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ማንኛውም ኳስ ወደ እሱ ሲመጣ የግራ እግሩ ሳያዘው ወደ ኋላ ይሸሻል። ከሜዳ ሲመለስ ከማንም ጋር ሳይነጋገር ይተኛል። አንዲት ኳስ ሁለት ሰው አሽመድምዳለች፤ እሷ ደግሞ መሐላቸው ቆማ ለአንደኛው ጓንት ትሰፋለች፣ ለሌላው እራት ታቀርባለች።

በነሐሴ መጨረሻ አንድ እሑድ ራዳሜስ በሞተር ብስክሌቱ ላስ ሳሊናስ፣ ባሕር ዳሩ ጨው ማምረቻ ድረስ ወሰዳት። የጨው ክምሮቹ ሥር ተቀምጠው የተጠበሰ ዓሣ በሉ። ሲጨርሱ እጇን ያዘ። የወስፌ ጠባሳ ያለበትን ጣቷን በአውራ ጣቱ እያሻሸ ብዙ ቆየ። ባሕሩን አላየም፤ እጇን ነበር የሚያየው።

ከዚህ በላይ ዝም ማለት መዋሸት ነው፣ አለች በልቧ።

«ራዳሜስ፣ የመታኸው ሰው ወንድሜ ነው።»

እጇን አልለቀቀም። ጣቶቹ ግን ድርቅ ሲሉ ተሰማት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ስምህ ጓንቱ ላይ አለ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«መጀመሪያ በደንብ ልጠላህ ብዬ። ኋላ ደግሞ እንዳላጣህ።»

እጇን ለቆ ተነሣ። «እቤትሽ ላድርስሽ» ብቻ አለ። መንገዱን ሙሉ ወገቡን ይዛ ጀርባው ሲተነፍስ ታዳምጥ ነበር።

ከቤቱ ራቅ አድርገህ አውርደኝ ልትለው ፈልጋ ነበር፤ አልቻለችም። ሰፈር ሲደርሱ ዊልኒ ደጅ ላይ ወንበሩን ግድግዳ አስደግፎ ተቀምጧል። ራዳሜስን ሲያይ የወንበሩ የፊት እግሮች መሬት መቱ።

«አንቺ» አለ። «ከዚህ ሰው ጋር ነሽ?»

«ዊልኒ፣ ቀስ በል፤ እማዬ ትሰማለች።»

ዶኛ ሚላግሮስ ግን ሰምታ ወጥታለች። ራዳሜስን ከላይ እስከ ታች አየችው። ኖሬሊስ ጩኸት ጠብቃ ነበር፤ እናቷ የተናገረችው በለሆሳስ ነው፤ ያም ባሰ።

«የልጄን ፊት ወሰድክ። አሁን ደግሞ ሴት ልጄን?»

«እሜቴ፣ እኔ…»

«እሜቴ አትበለኝ።» ወደ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋችው።

ዊልኒ ሞተር ብስክሌቱ ድረስ መጥቶ ቆመ። የሁለቱም ፊት ላይ ላብ ነበር።

«ነገ ጠዋት፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል በፊት፣ ሜዳ ና» አለው። «ያቺኑ ኳስ እዚያው ቦታ ወርውርልኝ። ካልቻልክ በዚህ ሰፈር አትለፍ።»

«ሁለታችሁም አብዳችኋል?» አለች ኖሬሊስ።

«ማን ይቀበላል?» አለ ራዳሜስ፣ ዓይኑን ከዊልኒ ሳይነቅል።

ኖሬሊስ ራሷም ባልጠበቀችው ድምፅ መለሰች። «እኔ ነኛ። ሌላ ማን አላችሁ?»

ልጅ ሳለች ለዊልኒ ስትቀበል ነው ያደገችው።

ጠዋት ሜዳው ላይ ከነሱ በቀር ሰው አልነበረም። ሣሩ በጤዛ ርሷል። ኖሬሊስ የፊት መከላከያውን አጥልቃ መቺው አጠገቡ ከሚቆምበት፣ መሬት ላይ ከተነጠፈው ነጭ ሰሌዳ ኋላ ቁጢጥ አለች። ዊልኒ ዱላውን ይዞ ከጎኗ ቆመ። ራዳሜስ ወርዋሪው በሚቆምበት ጉብታ ላይ ብዙ ጊዜ ቆየ፤ ኳሷን በመዳፉ ያገላብጣል።

ጓንቷን ወደ ዊልኒ ደረት ጠጋ አደረገች።

የመጀመሪያዋ ኳስ ከሁለት ክንድ በላይ ርቃ አጥሩን መታች። ሁለተኛዋም። ሦስተኛዋ መሬት ነክታ ነጠረች።

«እናትህን ጥራት፣ ትወርውርልህ» አለ ዊልኒ።

አራተኛዋ እንዲሁ ርቃ ሄደች። ያኔ ግን ራዳሜስ ክንዱን አወረደና ከጉብታው ሆኖ የዊልኒን ጫማ አየ። ኖሬሊስም አየች። ኳሷ አጠገቡም አልደረሰች፤ የግራ እግሩ ግን አንድ እርምጃ ሸሽቷል።

«አንተም ትፈራለህ» አለ ራዳሜስ። ሲያፌዝ አልነበረም።

ዊልኒ ዱላውን መሬት ላይ ተክሎ ተደገፈበት።

«ያን ቀን» አለ በመጨረሻ፣ «የሩቁን ትወረውራለህ ብዬ ገምቼ ነበር። ኳሷ ሳትመጣ ወደ ሰሌዳው አዘንብዬ ገባሁ። ፊቴን ይዤላት የሄድኩት እኔ ነኝ። ኳስህ ደህና ኳስ ነበረች።»

ራዳሜስ አምስተኛዋን ኳስ አነሣ። «ይህን ሰባት ወር ሙሉ ታውቃለህ?»

«ሰው ሁሉ አዘነልኝ። ተሳሳትኩ ከማለት ተበደልኩ ማለት ቀለለኝ።»

«እናትህ አበባውን ስትወረውርብኝስ?»

«ያኔም አውቃለሁ።»

ኖሬሊስ መከላከያውን አውልቃ ወንድሟን በጥፊ ልትለው ከጅሏት ነበር። ጊዜ አላገኘችም። ራዳሜስ ክንዱን አዙሮታል። ኳሷ ከዚያ በፊት እንደወረወራቸው አልነበረችም፤ እያፏጨች መጣች፤ ንዴት እጁን ፈቶታል፤ ዓይኑን ግን ጋርዶታል። ዊልኒ ፊቱን ወደ ላይ አንጋጦ በጀርባው ተዘረጋ። ዱላው በአየር ላይ ዞሮ ወደቀ።

ራዳሜስ ፊቱ አመድ መስሎ ከጉብታው እየሮጠ ወረደ። ኖሬሊስ ወንድሟ ላይ አጎንብሳለች።

ዊልኒ አቧራው ላይ እንደተዘረጋ ጉንጩን ዳሰሰ። አገጩን፣ ግንባሩን ዳሰሰ።

«አልነካኝም» አለ፣ የሰው ወሬ እንደሚያወራ ሁሉ። ተነሥቶ ተቀመጠ። «ሰባት ወር የሸሸሁት ይቺን ነበር? ሸሸሁ፣ ወደቅሁ፤ ይኸው ተቀምጬ አወራለሁ።»

ራዳሜስ አጠገቡ ተንበረከከ። «ይቅር በለኝ» አለው።

«አንተ ይቅር በለኝ። አሁን ሂድና ቁም። ገና አልጨረስንም።»

ኖሬሊስ ጉብታው ድረስ አብራው ሄደች። ኳሷን ስትሰጠው እጁ በረዶ ነበር።

«ምን እያሰብክ ነው?»

«እንዳልመታው። አንቺንም እንዳልመታሽ።»

«እንዳልመታ እያልክ አትወርውር። የት እንደምትጥላት ብቻ አስብ። እኔንም አትየኝ፤ ጓንቱን እይ።»

«ከባድ ነገር ነው የምታዢኝ።»

«ማታ እንደልብህ ታየኛለህ» አለችና ፊቷ ከመቅላቱ በፊት ዞራ ሄደች።

ኳሷ መጣች። የዊልኒን ደረት ታክካ ጓንቱ ውስጥ ገባች፤ መዳፏ እንደ እሳት ነደደ። ወንድሟ ኳሷን አልመታትም። እግሩን ግን አላነሣም። ሦስቱም ያን እግር ነበር የሚያዩት።

ዊልኒ ያን ቀን ምሳ ላይ ለእናቱ ሁሉንም ነገራት። ዶኛ ሚላግሮስ ሳህኗን ገፋ አድርጋ ተነሣች። ለሳምንታት ስለ ነገሩ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ ራዳሜስም በራፉን አልረገጠም። ኖሬሊስ ከእሱ ጋር የምትገናኘው ሱቁ ውስጥ ነው፤ በሚጠገን ጓንት ሰበብ።

ኅዳር ገባና የዊልኒና የራዳሜስ ቡድኖች ተገናኙ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ዶኛ ሚላግሮስ ሳትጋበዝ መጥታ ከሴት ልጇ ጎን ተቀመጠች።

ዘጠነኛው፣ የመጨረሻው ዙር ላይ የራዳሜስ ቡድን በአንድ ነጥብ ይመራል። ከዊልኒ ቡድን ሁለት ሯጮች ማረፊያዎቹ ላይ ቆመዋል፤ ሁለቱም ከገቡ ጨዋታው ይገለበጣል። ጉብታው ላይ ራዳሜስ ነው። ዱላ ይዞ የመጣው ዊልኒ።

«የቅርቡን አይወረውርም» ሲል ከኋላ አንዱ ጮኸ። «እጁ ታስሯል።»

እናቷ የኖሬሊስን አንጓ ያዘች፤ ጥፍሯ ቆዳዋ ውስጥ ገባ። አንዷ ኳስ ራቅ ብላ አለፈች። ሁለተኛዋን ዊልኒ ሳታት። ተቀባዩ ጓንቱን ወደ ዊልኒ ደረት ጠጋ አደረገው። ራዳሜስ ቆመ። ትከሻው ወጣ፣ ወረደ። ኖሬሊስ በሹክሹክታ ጸለየች።

ወረወረ። ደረቱን ታክካ ስትመጣ ዊልኒ አልሸሸም፤ ወገቡን አዙሮ መታት። ድምፁ ጥርት ያለ የእንጨት ድምፅ ነበር። ኳሷ ከግራው ተጫዋች ራስ በላይ በረረች። ሁለቱም ሯጮች ገቡ። የራዳሜስ ቡድን ተሸነፈ።

ሰው ሁሉ ተነሥቶ ሲጨፍር ኖሬሊስ ተቀምጣ ቀረች። ራዳሜስ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አጎንብሷል። ከዚያ ቀና አለ። ሁለተኛው ማረፊያ ላይ የቆመውን ዊልኒን አይቶ የቆቡን ጫፍ ነካ። ዊልኒም የራሱን ነካ።

ከጨዋታው በኋላ ራዳሜስ ከረጢቱን ተሸክሞ በበሩ ሲወጣ ዶኛ ሚላግሮስ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ሲያያት ባለበት ተተከለ።

«ምግብ መቼ ነው የበላኸው?» አለችው።

«ጠዋት፣ እሜቴ።»

«ተሸንፎ በባዶ ሆድ መዋል ደግ አይደለም። የሳንኮቾ ሾርባ ጥጄ ነው የመጣሁት።» ልትሄድ ዞረችና ተመለሰች። «አበባውን መወርወር አልነበረብኝም። ና ልጄ፣ እንሂድ።»

ቀድማቸው መንገዱን ጀመረች። ኖሬሊስና ራዳሜስ ከኋላዋ ተከተሉ።

«ለማን ነበር የምትጸልዪው?» አላት ቀስ ብሎ። «ለእሱ ነው ለእኔ?»

«የቅርቧን እንድትወረውር።»

«ወረወርኳት።»

«አየሁ» አለችና እጁን ያዘች። ሞቃት ነበር። ዶኛ ሚላግሮስ ዞር ብላ አየቻቸው፤ ፊቷን መልሳ እርምጃዋን ቀስ አደረገችላቸው።