ፍሬኑን ያልነካሁት ቀን

ይህን አንብባችሁ የፈለጋችሁትን በሉ። በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ካልጋሪ። እንደ ፈረንጆቹ የካቲት 1994፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ።

ላይ በረዶ ይጥላል። እኛ ከመሬት በታች፣ የባቡር ቶነል ውስጥ ነን።

ያኔ አንድ ድርጅት ራሱን የሚነዳ ባቡር እየሞከረ ነበር። ፍጥነቱንም ፍሬኑንም የሚያዘው ማሽኑ ነው። ተሳፋሪ የለም። የኔ ሥራ ሹፌሩ ወንበር ላይ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ብቻ ነው።

ከኋላዬ ኢንጂነሩ ጋሽ የሺጥላ ቆመዋል።

"ቀዩን ፍሬን ብትነካ ሙከራው ይበላሻል። አንተም ነገ አትመጣም" ብለውኛል።

ሁለት ደቂቃ ያህል ሄድን...

መብራቱ ሐዲዱ ላይ አንድ ሰው አሳየኝ።

ብርቱካናማ ጃኬት ለብሷል። ጀርባውን ሰጥቶናል።

"ጋሼ... ሰው አለ!"

"አየሁት።"

"ላቁመው?"

"አትንካ። ራሱ ይቆማል።"

"ባይቆምስ?"

"አለመቆሙን እናውቃለን።"

ሰውየው ዞረ...

ዘውዱ ነው!

ማርልቦሮ የሚባል ሰፈር፣ ከመሬት በታች ያለ አንድ ቤዝመንት ተከራይተን አብረን የምንኖር፣ ሐዲድ የሚፈትሸው ዘውዱ። ጠዋት ትኩሳት ይዞት፣ ብርድ ልብስ ደርቤለት ነበር የወጣሁት።

ስሜን ጠራ። ድምፁ አልተሰማኝም፣ ከንፈሩን ግን አየሁት።

እጄ ቀዩ ፍሬን አጠገብ ደርሶ ነበር።

ሥራዬን አሰብኩ...

አልነካሁም።

ባቡሩም አልቆመም።

ግጭት የለም። ድምፅ የለም። ምንም...

ጣቢያው እንደደረስን ባትሪ ይዤ ወደ ኋላ ሮጥኩ። ሐዲዱ ላይ ጠብታ ደም እንኳ የለም። ተመልሼ ቤት ደወልኩ።

"ሄሎ" አለኝ ዘውዱ፣ በእንቅልፍ ድምፅ።

እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ጋሽ የሺጥላ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "ጎበዝ። አልነካህም።"

ከሰዓት በኋላ ቤት ገባሁ። ዘውዱ ምድጃው ጋ ቆሞ እንቁላል ይጠብሳል።

"ተሻለህ?"

"ተሻለኝ።"

ከዚያ ሳይዞር፣ በሹክሹክታ፦

"ጋሽ የሺጥላ ባይኖሩ ታቆምልኝ ነበር?"

እሱን ማየቴን ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

"መልስልኝ እንጂ።"

ጫማዬን ለማውለቅ ጎንበስ አልኩ።

ምድጃውን አጠፋ። ወደ ልብስ ማጠቢያዋ ክፍል ገባና በሩን ዘጋው።

ወዲያው ደረጃ ሲወርድ ሰማሁት...

እኛ የምንኖረው ቤዝመንት ነው። ከእኛ በታች ሌላ ወለል የለም።

በሩን በረገድኩት። ማጠቢያ ማሽኑ ብቻ ነው ያለው።

እርምጃው ግን ከእግሬ ሥር ይሰማል...

ገና እየወረደ ነው።